«ልቤ ቀዝቅዞ ሳለ ሰውነቴ ለምን ከዳኝ?»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ዕድሜዬ 36 ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ እኖራለሁ። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍነው ተለያይተን ነው፤ እሱ እዚህ፣ እኔ አዲስ አበባ ቪዛ ስጠባበቅ። አሁን እሱ ማታ ማታ በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይሠራል፣ እኔ ቀን ቀን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት። በአንድ አልጋ የምናድረው በሳምንት ሦስት ሌሊት ብቻ ነው።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ልጆቹን አጥቦ ያስተኛል፣ ደሞዙን አይደብቀኝም። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን የአልጋችን ነገር እየቀዘቀዘ መጣ። አንድ ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «አንድ ነገር አብረን እንይ፣ ምናልባት ይጠቅመን ይሆናል» ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ አልጋው አመጣው። ድምፁን ቀንሶ የወሲብ ፊልም ከፈተ። ፈልጌ ሳይሆን እሱን ላለማሳፈር ብዬ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። የክፍሉን መጋረጃ አየሁ፤ የሴትየዋን የተላላጠ የጥፍር ቀለም አየሁ። የሰውየው ፊት አይታይም። ሴትየዋ ትጮኻለች፤ አንድ ጊዜ ግን ዓይኗን ወደ ጎን ጣል አድርጋ ከካሜራው ኋላ የቆመ ሰው ያየች መሰለኝ፤ «ይበቃል ወይስ ልቀጥል?» የምትል ዓይነት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። የማን ልጅ ትሆን እያልኩ አዘንኩላት።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ብቻ አይደለም። ልቤ እንዲህ እያዘነ ሳለ ሰውነቴ ምላሽ ሰጠ። ባለቤቴም ይህን አወቀ። «ወደሽዋል እኮ፣ ለምን ትደብቂኛለሽ?» አለኝ። አልወደድኩትም ብለው አላመነኝም። አሁን ቅር በተሰኘ ቁጥር አንዴ «ቀዝቃዛ ነሽ» ይለኛል፣ አንዴ «ስሜትሽን ትደብቂያለሽ» ይለኛል። በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ቀና ማለት አቃተኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከባሏ ጋር እንደምታይና ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። ታዲያ ጉድለቱ የእኔ ነው? ይህን ያህል ሰው የሚወደው ነገር እኔን ለምን አስጠላኝ? ካስጠላኝስ ሰውነቴ ለምን ከዳኝ?

አንድ ነገር ልጨምር። ተለያይተን በነበርንባቸው ሁለት ዓመታት እሱ ከሥራ ወጥቶ ሲደውልልኝ አዲስ አበባ ይነጋ ነበር። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ ሥራ እስኪረፍድብኝ ድረስ ድምፁን እሰማ ነበር። ያኔ ቀዝቃዛ አልነበርኩም።

ስሜ ይቆይ፣ ከቨርጂኒያ

*

ውድ እህቴ፣

አራተኛውን ሳትቀጂ ስለላክሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ብዙ ጠይቀሽኛል። ከሁሉም ውስጥ እንቅልፍ የነሳሽ ሰውነትሽ «ከዳኝ» ያልሽው ነገር ይመስለኛልና ከእሱ ልጀምር።

ሽንኩርት ስትከትፊ ዓይንሽ ያነባል። እንባሽን ያየ ሰው «ምን ሆነሽ አዘንሽ?» ብሎ አይጠይቅሽም፤ ዓይን ሽንኩርት ሲነካው እንደሚያነባ ሁሉም ያውቃል። የሴት ሰውነትም ወሲብ ነክ ነገር ሲያይ ወይም ሲሰማ ብዙ ጊዜ ራሱን ያዘጋጃል። ልብ ወዷል ማለት አይደለም፤ ፈቅዷል ማለትም አይደለም።

ይህን ለማጽናናት ብቻ የምልሽ እንዳይመስልሽ። ኤለን ላን የተባለች ሆላንዳዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመችው ጥናት ያንቺን የቅዳሜ ሌሊት ያህል ይመስላል። 47 ሴቶች ሁለት ዓይነት የወሲብ ፊልም እንዲያዩ ተደረገ፤ አንደኛው ወንድ የሠራው፣ ሁለተኛው ሴት የሠራችው። ተመራማሪዎቹ የሴቶቹን የሰውነት ምላሽ በመሣሪያ ለኩ፤ የተሰማቸውን ደግሞ ከራሳቸው ጠየቁ። በመሣሪያው በኩል በሁለቱ ፊልሞች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሰውነታቸው ለሁለቱም ምላሽ ሰጥቷል። ስለ ስሜታቸው ሲጠየቁ ግን መልሱ ተለየ። ሴቷ በሠራችው ፊልም ይበልጥ መነሣሣታቸውን ተናገሩ፤ ወንዱ በሠራው ደግሞ ይበልጥ ሐፍረት፣ የጥፋተኝነት ስሜትና መጸየፍ ተሰማቸው። እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ባል «ወደሽዋል እኮ» ቢላቸው ኖሮ እንዳንቺው ግራ በተጋቡ ነበር። ከእሷ በኋላም ካናዳዊቷ ሜሬዲዝ ቺቨርስና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ፣ በወንዶች ዘንድ የሰውነት ምላሽና የልብ ስሜት በአብዛኛው አብረው እንደሚሄዱ፣ በሴቶች ዘንድ ግን ዝምድናው በጣም የላላ መሆኑን አሳይተዋል። ባለቤትሽ የፈረደብሽ በራሱ ሰውነት መለኪያ ነው። በክፋት አይመስለኝም። የሚያውቀው ሰውነት የራሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ሌላው ጥያቄሽ ልመለስ፤ ፊልሙ ለምን አስጠላሽ?

ደብዳቤሽ ውስጥ «የሰውየው ፊት አይታይም» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር አለ። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ። ፊቱ የማይታየው በአጋጣሚ አይደለም። የተለመደው የወሲብ ፊልም የሚሠራው አንድ ወንድ ተመልካች ታስቦ ነው፤ የተዋናዩ ፊት የሚቆረጠው ተመልካቹ በእሱ ቦታ ገብቶ ራሱን እንዲያይ ነው። ካሜራው ከወንዱ ትከሻ በላይ ሆኖ ሴቷን ያያል፤ ብርሃኑም ወደ እሷ ነው፤ ድምፁም የእሷ ነው። ላውራ መልቪ የተባለች እንግሊዛዊት የፊልም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ሆሊውድ ፊልሞች ስትጽፍ፣ ካሜራው የወንድ ዓይን ሆኖ ሴቷን የምትታይ ነገር እንደሚያደርጋት ተናግራ ነበር። እሷ የጻፈችው ልብስ ስለለበሱ ተዋናዮች ነው። አንቺ ባየሽው ፊልም ውስጥ ያ ዓይን ምንም የሚደብቀው ነገር የለውም።

አንቺ እዚያ ውስጥ የት ትቀመጪ? ሴት ባሏን ስትፈልገው ፊቱን ትፈልጋለች። እጁን፣ አንገቱን፣ እሷን ሲያይ ዓይኑ የሚሆነውን ማየት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ቆርጠው ጥለውታል። ድግስ ተጠርተሽ ሄደሽ መቀመጫ ያጣሽ ያህል ነው፤ ቆመሽ ሌሎች ሲበሉ ታያለሽ፣ ከዚያም ለምን አልበላሽም ተብለሽ ትወቀሻለሽ። ዓይንሽ ወደ መጋረጃው የሄደው መቀመጫ ሲፈልግ ነው።

ደግሞ ፊልሙ ከምን እንደተነሣ አስታውሺ። ሁለቱ ሰዎች ማን እንደሆኑ፣ ሴትየዋ ይህን ሰው ለምን እንደፈለገችው፣ ከፈለገችውስ ስንት ጊዜ እንደቆየ ምንም አልተነገረሽም። ለብዙ ሴቶች ምኞት የሚጀምረው ልብስ ከመውለቁ በፊት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከሁለት ቀን በፊት። የተነገረ ቃል አለ፣ በመንገድ ላይ የተያዘ እጅ አለ፣ ሰው ፊት ተቀምጠው የተለዋወጡት የዓይን ጥቅሻ አለ። ይህን ሁሉ ትርፍ ነገር ነው ብሎ የጣለ ፊልም ያንቺን መንገድ ዘግቶ ከመድረሻው ላይ ሊያገኝሽ ነው የሚሞክረው።

መድረሻውም ቢሆን የእሷ አይደለም። በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የወሲብ ፊልም ድረ ገጽ ላይ በብዛት የታዩ 50 ፊልሞችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከወንዶቹ 78 በመቶው እርካታ ላይ ሲደርሱ ይታያሉ፤ ከሴቶቹ 18 በመቶው ብቻ። ፊልሙ የሚያልቀው ወንዱ ሲጨርስ ነው። ስለ ሴት ሰውነት የሚያሳየውም አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። በዚያው ዓመት ከአንድ ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን ያካተተ ሌላ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ያለ ሌላ ንክኪ በተራክቦ ብቻ ለእርካታ እንደሚበቁ የተናገሩት ከመቶ 18ቱ ናቸው። ከሲሶ የሚበልጡት ቂንጥር ካልተነካ እርካታ እንደማያገኙ ተናግረዋል።

ይህን ቃል የጻፍኩት አስቤበት ነው። በቋንቋችን የዚህ የሰውነት ክፍል ስም ለስድብ ሲውል እንጂ በጤና ጉዳይ ሲነሣ የምንሰማው ጥቂት ነው። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ሴት ልጅ የገዛ ሰውነቷን ስም ስትሰማ የምትሸማቀቅ ከሆነ ባሏን «እዚህ ጋ» ልትለው እንዴት ትችላለች? ሔለን ኦኮነል የተባለች አውስትራሊያዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባሳተመቻቸው ሥራዎች፣ ከውጭ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን፣ አብዛኛው ክፍል ከቆዳ ሥር እንደሚገኝ አሳይታለች። ይህን የምነግርሽ ሌላም ምክንያት አለኝ። ደብዳቤሽ ስለ ግርዛት አያነሣም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ከሆንሽ፣ ስሜት አብሮ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት እንዳልሆነ እወቂ። የተገረዙ ሆነው እርካታ የሚያገኙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሕመም ካለሽ ደግሞ ለማህፀን ሐኪም ንገሪ፤ ሐኪሙ ካልተረዳሽ ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብትሽ ነው።

አሁን ወደዚያች ወደ ጎን ወዳየችው ሴት ልምጣ። ስለ እሷ የጻፍሽው ከልቤ አልወጣ ብሏል።

ምን እንዳሰበች እኔም አንቺም አናውቅም። ምናልባት የሥራ ትእዛዝ እየጠበቀች ይሆናል። በዚህ ሥራ በራሳቸው ፈቃድ እንደሚሠሩ የሚናገሩ ሴቶች አሉ፤ ቃላቸውን ልንሰማ ይገባል። ተታለው የገቡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ፣ በሳንዲያጎ የሚገኝ ፍርድ ቤት በማታለል ለተቀረጹ 22 ሴቶች ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈርዷል። በእነዚያ ፊልሞች ላይ ሴቶቹ ፈገግ ሲሉ ይታዩ ነበር። ስክሪኑ ላይ አይቶ የትኛዋ ወድዳ፣ የትኛዋ ተገድዳ እንደሆነ መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴቷን መምታት፣ ማነቅ፣ ፀጉር መጎተት የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በብዛት ከተሸጡ ፊልሞች ከወሰዳቸው 304 ትዕይንቶች ውስጥ በ88 በመቶው አካላዊ ጥቃት አግኝቷል፤ የሚደርስባቸውም በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው፤ ሴቶቹም ደስ እንዳላቸው ወይም ምንም እንዳልመሰላቸው ሆነው ይቀረጻሉ። አንቺ ቀን ቀን የምትሠሪው አረጋውያን ሕመማቸውን በቃል መናገር በማይችሉበት ቤት ነው። የሰውን ፊት አንብበሽ የት ጋ እንዳመመው ማወቅ ሥራሽ ነው። ቅዳሜ ማታ ያንን ዓይን አውልቀሽ ከአልጋው አጠገብ ልታስቀምጪው አትችዪም። ያቺን ሴት እንደ ሰው ስላየሻት የቀዘቀዝሽ መስሎሽ ከሆነ፣ እኔ እንዲያውም የሙቀትሽ ምልክት አድርጌ ነው የማየው።

ባልደረባሽ ደግሞ ደስ ይላታል። እሷም ጤነኛ ናት። ከእነዚህ ድረ ገጾች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከጎብኚዎቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ሴቶች ሁሉ አንድ ልብ የላቸውም። የተለመደው ፊልም ስላልተመቻቸው ራሳቸው ፊልም መሥራት የጀመሩ ሴቶችም አሉ። ካንዲዳ ሮያል የተባለች አሜሪካዊት በተዋናይነት ስትሠራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1984 የራሷን ድርጅት ያቋቋመችው፣ ሴቶችንና ባለትዳሮችን ያሰበ፣ ታሪክና ርኅራኄ ያለው ነገር ለመሥራት ብላ ነው። ዛሬም በባርሴሎና የምትኖረው ስዊድናዊቷ ኤሪካ ለስት በዚሁ መንገድ ትሠራለች። ሄደሽ እዪ እያልኩሽ አይደለም። የተለመደው ፊልም የማይማርካቸው ሴቶች ብዙ መሆናቸውን ያ ኢንዱስትሪ ራሱ ከአርባ ዓመት በፊት ያወቀው ነገር ነው፤ አንቺ ብቻሽን የተለየሽ አይደለሽም።

ስለዚያ ሌሊት ሌላም ነገር አለ። በአሜሪካ የኪንዚ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጆን ባንክሮፍትና ኤሪክ ያንሰን የወሲብ ስሜት ሁለት ነገር እንዳለው ያስረዳሉ፤ ነዳጅና ፍሬን እንበላቸው። ነዳጁ የሚያነሣሣው ነው፣ ፍሬኑ የሚይዘው። እስቲ ፍሬንሽን የረገጡትን ነገሮች ቁጠሪያቸው። ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል ተኝተዋል። ድምፁ እንዳይሰማ ተቀንሷል። ሳምንቱን ሙሉ ቆመሽ ስትሠሪ ውለሻል። በማግስቱ ቅዳሴ አለ። የማታውቂው ነገር ሳትዘጋጂበት ፊትሽ ተከፍቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባልሽ ከጎንሽ ሆኖ ፊልሙን ሳይሆን አንቺን እያየ ነው፣ ትነሣሣ ይሆን አትነሣሣ ይሆን እያለ። ፈተና ላይ ተቀምጠሽ ነበር ማለት ነው። ባለቤትሽ ነዳጁን በኃይል ረገጠ፤ ፍሬኑ ግን ተይዞ ነበር። እንደዚያ ሲሆን መኪና ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ከሚቀጥለው ጊዜ በፊት ነዳጅ ከመጨመር ይልቅ ከፍሬኑ ላይ እግር የሚያነሣው ምን እንደሆነ ብትነጋገሩ ይሻላል።

ስለ ባለቤትሽ ልጠይቅሽ። ያን ምሽት «ዝጋው» ብትዪው ይዘጋው ነበር ብለሽ ታምኛለሽ? ብቻውን ሲሆንስ ያያል? ካየስ ይህ ለአንቺ ምን ስሜት ይፈጥርብሻል? እነዚህን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺያቸው። የመጀመሪያው መልስሽ «አይዘጋውም ነበር» ከሆነ፣ ወይም እምቢ ስትዪ የሚያስገድድሽ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ምክሬን ተዪውና በአሜሪካ ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር 1-800-799-7233 ደውዪ፤ በአስተርጓሚ ያነጋግሩሻል። ከደብዳቤሽ የማየው ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። እኔ የማየው የፈራ ሰው ነው። ሚስቱ እየራቀችው መሰለው፤ መፍትሔ ፈለገ፤ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር። የእሱ ዘመን ወንዶች ብዙዎቹ ስለ ወሲብ ከአባትም፣ ከመምህርም አልሰሙም፤ ያወቁትን ያወቁት በየሰፈሩ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶችና ከጓደኛ ተውሰው በድብቅ ካዩት ነው። ያ ፊልም ለእሱ መምህር ነበር። ሴት እንዲህ ስትሆን ወደደች ማለት ነው ተብሎ ተምሯል። «ቀዝቃዛ ነሽ» የሚለው ቃል ግን ልክ አይደለም፤ ያቆስላል፤ ማቆም አለበት፤ ይህንንም ልትነግሪው ይገባል።

የምትነግሪው አልጋ ላይ አይሁን፤ ቅዳሜ ማታም አይሁን። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት የሚከብድሽ ከሆነ መኪና ውስጥ ጥሩ ነው፤ ሁለታችሁም መንገዱን እያያችሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳችሁ ስትመለሱ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጥፋት ሳይሆን ከራስሽ ጀምሪ። ለምሳሌ፦ «ያን ቀን ያመጣኸው ለእኛ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ስልህ እመነኝ። ሰውነቴ ምላሽ መስጠቱና እኔ መውደዴ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀዝቃዛ ስትለኝ ደግሞ ይበልጥ እርቃለሁ።» የሽንኩርቱን ነገር ንገሪው። የሆላንዱን ጥናት ማመን ቢያቅተው ይህን ዓምድ አስነብቢው፤ ያንቺ መሆኑን ለመናገር ካልፈራሽ። ከዚያ ዝም በዪና እሱ ምን እንደፈራ ጠይቂው። መልሱ እንዳይቋረጥ ታገሺ፤ ወንዶቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለማይጠየቁ ቃሉ ቶሎ አይመጣላቸውም።

ደግሞ እንዳየው ቢጠይቀኝ ምን ልበለው ብለሽ የምትጨነቂ ከሆነ፣ «አይ፣ እሱን አልፈልግም» በቂ ነው። ምክንያት መደርደር አይጠበቅብሽም። ከእምቢታው ጋር ግን የምትፈልጊውን ብታስከትዪ ለእሱ የተዘጋ በር አይሆንበትም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ለጥቂት ሳምንታት ፊልም የሚባል ነገር ከመኝታ ቤታችሁ እንዲወጣ ተስማሙ። በእነዚያ ሳምንታት መጨረሻው የት እንደሚደርስ ሳይታሰብ መነካካት ብቻ ይኑር፤ እግር መዳሰስ፣ ጀርባ ማሸት፣ ተቃቅፎ ማደር። የወሲብ አማካሪዎች ለባለትዳሮች የሚሰጡት የቤት ሥራ ይህን የመሰለ ነው። ያ ካልረዳችሁ ለባለትዳሮች ምክር የሚሰጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈልጉ፤ በምትኖሩበት አካባቢ አማርኛ የሚናገሩም ስለሚገኙ ቋንቋ አያግዳችሁም።

ቅዳሴ ላይ ቀና ማለት ስላቃተሽ ነገር። እኔ ካህን አይደለሁም። ማየትሽ ኅሊናሽን ከከበደው ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ይቀልልሻል። ሰውነትሽ ምላሽ መስጠቱን ግን ከዚያ ለይተሽ አስቀምጪው። እሱ አንቺ የመረጥሽው ነገር አይደለም።

የደብዳቤሽን የመጨረሻ አንቀጽ ለመጨረሻ ያቆየሁት ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ስለሆነ ነው። «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ እንደ ዘበት የጻፍሽው፣ ከአንቺ ደብዳቤ ውስጥ የምትፈልጊውን ነገር የተናገርሽበት ብቸኛው ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ሳታዪ፣ ሳትነኪው፣ በድምፁ ብቻ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ ሥራ ረፍዶብሻል። ጊዜ ነበራችሁ፤ ቃል ነበራችሁ፤ እሱ ይናፍቅሽ እንደነበር በየቀኑ ይነግርሽ ነበር። ባለቤትሽ ያንን እንዴት እንደሚያደርግ ያውቃል። አንድ ጊዜ አድርጎታል። ምናልባት አልነገርሽው ይሆናል፤ ያ ድምፁ በአንቺ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ዛሬም ድረስ ላያውቅ ይችላል።

በዚህ ሳምንት እሱ ሥራ በሚያድርበት አንድ ሌሊት፣ ጋራዡ ውስጥ የመኪናው ግርግር ጋብ ሲል፣ ልጆቹን አስተኚና ደውዪለት። መብራቱን አጥፊ፤ ብርድ ልብስሽን ተከናነቢ። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ቀጠሮ፣ ቅዳሜ ማታን አታንሺ። አዲስ አበባ ሳለሽ ስልኩን ስታነሺ መጀመሪያ ይልሽ የነበረውን ቃል ያስታውስ እንደሆነ ጠይቂው።